«እሷ እኮ ሸምድዳ ነው»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጅማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሂሳብ የማስጠና ሰው ነኝ። ኮቺ አንዱን ቤት ጨርሼ በባጃጅ ወደ ጅሬን መንገድ እወጣለሁ። አዲስ ቤት ስገባ ልጁን ከማየቴ በፊት የወላጁን ፍርድ እሰማለሁ። ውጤቱ ዝቅ ያለው ወንድ ከሆነ «ጭንቅላቱስ ነበረው፤ ኳስ አጠፋው እንጂ» ይባላል። ሴት ከሆነች «ምን ታድርግ፣ ሂሳብ አይሆንላትም፤ ማለፊያ ብታመጣ ይበቃናል»። ጥሩ ውጤት ሲመጣም ያው ነው፤ እሱ ብሩህ ስለሆነ፣ እሷ ስለሸመደደች። ካርዳቸው ላይ ያለው ቁጥር እኩል ቢሆንም እንኳ።

በቅርቡ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪና የአጎቷን ልጅ አብሬ ሳስጠና፣ 12 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ልጁ ደብተሩ ላይ ደርድሮ አባዛና ወደ አስር ቤት የምትሄደውን 1 ረስቶ 194 አለ። እሷ እርሳስም አላነሳች። «አስሩ 170፣ ሁለቱ 34፤ 204» አለች። በር ላይ ቆመው ሲሰሙ የነበሩት አባቷ ሳቁ። «ይሄማ ከእናቷ ጋር መርካቶ ስትውል የለመደችው ነው፤ ሂሳብ አይደለም» አሉ። ለልጁ ግን «አንተ ታውቀዋለህ፣ ቸኩለህ ነው» አሉት። (ደግ ሰው ናቸው፤ ክፍያም አያዘገዩም።) እሷ ያደረገችው እኮ ነገ አልጀብራ ላይ በፊደል ተጽፎ የሚሰጣት ሕግ ነው፤ ቁጥሩን በትኖ እያባዙ መደመር። ልጁም ከዚያ ምርቃት አልተጠቀመም። ያቺ 1 የት እንደቀረች ሳያይ የክፍል ፈተና ተፈትኖ በዚያው ስህተት ተመለሰ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እስራኤል ውስጥ ላቪና ሳንድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች የተማሪው ስም ሳይታወቅ የታረመን ፈተና መምህሩ ከሰጠው ውጤት ጋር አነጻጽረው ነበር። በሂሳብ ለወንዶች ያደሉ መምህራን ዘንድ የተማሩ ሴቶች ቆይተው ከፍ ያለ ሂሳብ የመምረጥ ዕድላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ፣ በ5 ዓመታቸው ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ የራሳቸውን ፆታ «በጣም ብልህ» ሲሉ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ ግን ሴቶቹ ይህን ማለት እንደሚቀንሱ ያሳያል። 6 ዓመት እኛ ጋ ኬጂ ነው እኮ!

ስለዚህ መምህራንን የምለምነው፣ የፈተና ወረቀት ላይ ስም በጀርባ ይጻፍ፤ ወጪ የለውም። ወላጅም ካርድ ሲቀበል ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ጎበዝ ነው»፣ «አይሆንላትም» ከሚል ደብተሩን ገልጦ አሠራሩን ይይ፤ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ መምህሩን ይጠይቅ። ራሱ ሂሳብ ባያውቅም ጥያቄው ይጠቅማል።

ለደንበኞቼም አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ተቀምጦ እየሠራ እሷን ከጥናቱ መሃል «ነይ ቡና አፍዪ» ብላችሁ አትጥሩብኝ። ቡናውን ጥናቱ ሲያልቅ እጠጣለሁ፤ ካስፈለገም ልጁ ያፈላልኛል።

አስጠኚው፣ ከጅማ