ግመሉ ቢበላው ምን ነውር አለው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ኦማን ባሕር ዳርቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ፎቶው ላይ ብር የመሰለ ትንንሽ ዓሣ አሸዋው ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ጸሐፊው ለግመል መኖ መሆኑን ሲሰማ በጣም ተናዷል። «ሰው እየተራበ!» ብሎ ብክነት ነው ሲል ደምድሟል። እኔ የምኖረው እዚያው ዶፋር፣ ሳላላ ነው። ንዴቱ ይገባኛል፤ ግን ዓሣውን ጠጋ ብሎ ቢያየው ኖሮ እንዲህ አይጽፍም ነበር።

ዓሣው ሰርዲን ነው። እዚህ «ኡማ» ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ሳርዲኔላ ሎንጊሴፕስ ነው። ከሞሮኮ በቆርቆሮ የሚመጣው ሰርዲን ዝርያው ሌላ ነው፤ እሱ ቀዝቀዝ ያለውን የአትላንቲክ ውሃ ይወዳል። ኡማ የሞቃት ባሕር ዓሣ ነው። ከዓረቢያ ጠረፍ እስከ ሕንድ ድረስ አለ። ቢያድግ ቢያድግ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ጠዋት ገበያ ላይ አንዱን አንስታችሁ እዩት። የስንጥቡ፣ ማለትም የመተንፈሻው፣ ክዳን ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። ከእሷ ኋላ ደብዘዝ ያለ ወርቃማ ምልክት፣ ከዚያም እስከ ጅራቱ የሚሄድ ቀጭን ወርቃማ መስመር አለ። ክዳኑን ገለጥ ስታደርጉት ደግሞ ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። በማበጠሪያው ታችኛው ክፍል ብቻ ከ150 በላይ ዘንጎች ተደርድረዋል። ውሃው በመሃላቸው ሲያልፍ በዓይን የማይታዩት የባሕር ደቂቅ እጽዋትና እንስሳት እዚያ ተይዘው ይቀራሉ። ኡማ የሚኖረው እነሱን እየበላ ነው።

ታዲያ ይሄ ምግብ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገኝም። ኻሪፍ በሚባለው ወቅት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድም፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ ያርቀዋል። በምትኩ ከሥር ቀዝቃዛና ለም ውሃ ይወጣል። ደቂቅ እጽዋቱ ያኔ ይፈላሉ። ዓሣውም ጠግቦ ይሰባል። የሕንድ ጠረፍ ሰዎች ድሮ ዘይቱን ጨምቀው ጀልባ ይቀቡበት ነበር። በኻሪፍ ማዕበሉ ስለሚያይል ትንንሾቹ ጀልባዎች አይወጡም። ባሕሩ ሲረጋ ግን ኡማ በመንጋ ሆኖ ዳርቻው ድረስ ይመጣል። መረቡ አንዴ ሲሳብ መንደሩ በልቶ የማይጨርሰው ይወጣል።

ያን ሁሉ ምን ታደርጉታላችሁ? ቅባታም ዓሣ በዚህ ሙቀት ውሎ አያድርም። ሆዱ በምግብ የተሞላ ከሆነማ የራሱ መፍጫ ኬሚካል ሆዱን በስቶ ይወጣል። በረዶ ካላገኘ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ጎጂ ኬሚካል ይጠራቀማል። ይሄ ነገር ቢጠበስም ቢቀቀልም አይጠፋም። የበላ ሰው ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ራሱን ሲያመው ይውላል። ስለዚህ ሰው ትኩስ ትኩሱን ይበላል፣ የተረፈው አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ሣሩ ሲያልቅ ለግመልና ለከብት ይሆናል። ማርኮ ፖሎ እንኳ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ደቡብ ዓረቢያ ጠረፍ ሲያወራ፣ ከብቱም ግመሉም የደረቀ ትንንሽ ዓሣ እንደሚበላ ተናግሯል። ወተቱና ሥጋው መልሶ የሰው ነው።

ስለ ብክነት መጻፍ ካስፈለገ ለእኔ የሚያሳስበው የዓሣ ዱቄት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ አይጠግብም፤ ትልቅ ትንሽም አይልም። ኡማ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ቢኖር ነው። አንድ ዓመት ዘሩ ካልያዘ የሚቀጥለው ዓመት ባዶ ይሆናል። የሕንዷ ኬረላ ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 400 ሺህ ቶን ገደማ የተያዘበት ጠረፍ በ2021 ከ4 ሺህ ቶን በታች ሰጠ። ጥፋቱ የመረብ ብቻ አልነበረም፤ የባሕሩ ጠባይ መለወጡም እጁ ነበረበት። ቢሆንም ኬረላ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ማጥመድ ከልክላለች። ዓሣው ቢያንስ አንዴ ይውለድ ነው ነገሩ።

በመጨረሻ ስለ ፎቶው መግለጫ። «ገና ያላደጉ የቱና ጫጩቶች» ይላል። ቱናና ኡማ የሚገናኙት ቱናው ሲበላው ብቻ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። አሸዋው ላይ ያሉት አብዛኞቹ ያደጉ ናቸው። ኡማ ዓመት ሳይሞላው ወይም እንደሞላው ይወልዳል፤ እንቁላሉም ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጽሑፉን እንዳለ ተዉት፣ የጸሐፊው አስተያየት ነው። መግለጫውን ግን ብታርሙት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሳላላ