ለደንበኞቻችን፦ የወጥ ቤት ሚክሰር ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሣሡን ባለፈው ሰሞን ከጠባሴ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። በፌስታል ጠቅልለው ያመጡትን የወጥ ቤት ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለውን የሲንክ ቧንቧ) ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡና «በሁለት ዓመት ይሄ ሦስተኛዬ ነው፤ ምን በድዬ ነው?» አሉን። አንገቱ አሁንም እንደ መስታወት ያበራል። ከሲንኩ ጋር የሚታሰርበት ጥርሱ ግን ተቆርሶ ቀርቷል። ከእኛ የተገዛ ባይሆንም ነገሩን ማወቅ ስለፈለግን አስፈቅደናቸው በሰጌቶ ለሁለት ሰነጠቅነው። ላዩ ላይ ያለው ክሮም ከወረቀት የሳሳ ነው። ከሥሩ ያለው ግራጫ ነው፤ ውሃ በሚያልፍበት በኩል ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ስንነካው ተፈረፈረ። ዚንክ ነበር።

እኚህ እናት ሦስት ጊዜ ከፍለዋል፤ የቧንቧ ሠራተኛም ሦስት ጊዜ ጠርተዋል። ይህ እንዳይደርስባችሁ ሚክሰር ስትገዙ እኛ ራሳችን ዕቃ ስንረከብ የምናየውን እንድታዩ እንፈልጋለን።

ጥሩ ሚክሰር አካሉ የናስ ነው፤ ነጋዴው ብራስ የሚለው ማለት ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን ከመቶው 60 ያህሉ መዳብ ነው። ብዙዎቻችሁ ማግኔት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ማግኔት የሚለየው ግን ብረትን ብቻ ነው። ናስንም አይስብም፣ ዚንክንም አይስብም፤ ስለዚህ «ማግኔት አልያዘውም፣ ኦሪጅናል ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ዕቃውን ገልብጡና ፍሌክሲብሉ (ውሃውን ከመስመሩ ወደ ሚክሰሩ የሚያመጣው ተጣጣፊ ቱቦ) የሚገባበትን ቀዳዳ በስልካችሁ መብራት እዩት። ክሮሙ እዚያ ድረስ ስለማይገባ እውነተኛው መልኩ የሚታየው እዚያ ነው። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ግራጫ ከሆነና በቁልፍ ጫፍ ጫር ስታደርጉት በቀላሉ ከተቧጨረ ዚንክ ነው። ስቴንለስም ውስጡ ነጭ ነው፤ እሱ ግን ጠንካራ ስለሆነ ቁልፍ እንደዚያ አይቧጭረውም፤ 304 የተባለው ዓይነት ከሆነም ጥሩ ዕቃ ነው። ክብደትም ይረዳል፤ በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት ሚክሰሮችን በሁለት እጃችሁ ብትመዝኑ ናሱ ይከብዳል።

ስለ ናስ ካነሣን አንድ ነገር ሳንነግራችሁ ማለፍ አንፈልግም። ናስ ለመቅረጽ እንዲመች ጥቂት እርሳስ ይጨመርበታል። እርሳስ ደግሞ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ጎጂ ነው። አሜሪካኖች ከ2014 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ቧንቧ ውሃ የሚነካው ክፍሉ በአማካይ ከ0.25 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው በሕግ ወስነዋል። ካርቶኑ ላይ እርሳስ አልባ የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ቤታችሁ ያለው ሚክሰር ዓይነቱ የማይታወቅ ከሆነ ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ ጠዋት በባልዲ ተቀብላችሁ ለወለል ወይም ለልብስ አድርጉት፤ ለቡናና ለሕፃን ምግብ ቀጥሎ የሚመጣውን ተጠቀሙ። ሞቅ ያለ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል፤ ስለዚህ ለምግብ ከቀዝቃዛው በኩል ቀድታችሁ ጣዱ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ውሃውን የሚዘጋው ካርትሬጅ በሚባል ዕቃ ነው። ውስጡ እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱ ሁለት ለስላሳ የሴራሚክ ሳህኖች አሉ። ንጹሕ ውሃ ካገኙ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ጠላታቸው አሸዋ ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚደፈርሰውን ታውቁታላችሁ፤ ያ ድፍርስ ሳህኖቹን እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እጀታውን ምንም ብትጫኑት ጠብ ጠብ ማለቱን አይተውም። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱና ሲጠራ ወደ ወጥ ቤት ግቡ። ሠራተኛችሁም ሚክሰሩን ከማሰሩ በፊት መስመሩን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ባልዲ ያፍስሰው። ከሲንኩ ሥር ወንፊት ያለው ትንሽ መዝጊያ ቢያስገባላችሁ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው።

ካርትሬጁ 35 ወይም 40 ሚሊሜትር መሆኑንም ጠይቁ። እነዚህ በገበያ የተለመዱ መጠኖች ስለሆኑ ሲበላሽ እሱን ብቻ ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ። የተለየ መጠን ያለው ከሆነ ለአንዲት ትንሽ ዕቃ ሲባል ሙሉው ሚክሰር ይጣላል።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ከሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ደንበኛችን አፉ እየተሳበ የሚወጣ፣ እንደ ሻወር የሚረጭ ዘመናዊ ሚክሰር ገዝቶ አስገጠመ። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ መጣ። ዕቃው ጤነኛ ነበር። ቤቱ ግን ውሃ የሚያገኘው ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ሮቶ ነው። ውሃ በየአሥር ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ሦስት ሜትር ማለት 0.3 ባር ነው። እንዲህ ያሉት ሚክሰሮች አብዛኞቹ አንድ ባርና ከዚያ በላይ ለሚያገኝ ቤት የተሠሩ ናቸው። ከሮቶ ለምትጠቀሙ ውስጡ ሰፊ፣ አፉ ቋሚ የሆነውን እንመክራለን። ስትመጡ «ሮቶው ከሲንኩ ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» ብለን እንጠይቃችኋለን፤ ለክታችሁ ኑ።

በእኛ ብርድ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ዕቃ የሚያጥብ ሰው ጣቱ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ቦይለር ያላችሁ እጀታውን መሃል ላይ የመተው ልማድ ካላችሁ ግን ተዉት። ለአንዲት ብርጭቆ ማለቅለቂያ በከፈታችሁ ቁጥር ቦይለሩ ሙቅ ውሃ ይለቃል፤ ሙቁ እጃችሁ ሳይደርስ ትዘጉታላችሁ፤ መብራቱ ግን ይቆጥራል። ሙቅ ካልፈለጋችሁ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀዝቃዛው መልሱት።

የአንገቱን ቁመት በትልቁ ድስታችሁ ለኩት። ሲንኩ ውስጥ ቆሞ ከአፉ ሥር ካልገባ ያ ሚክሰር ለድግስ ቤት አይሆንም።

ፍሌክሲብሉን በንቀት አትዩት። ቤት የሚያጥለቀልቀው ብዙውን ጊዜ ሚክሰሩ ሳይሆን እሱ ነው፤ ሌሊት ሰው ሁሉ ዘግቶ ሲተኛ የመስመሩ ግፊት ይጨምርና የደከመው ይፈነዳል። ማሰሪያው ፕላስቲክ ያልሆነ፣ ሽቦው ጥቅጥቅ ያለና ያልዛገ ይሁን። ተጠምዝዞ ወይም ተወጥሮ አይታሰር። ከከተማ ስትወጡ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ።

ለጽዳት ለስላሳ ጨርቅና የዕቃ ሳሙና ይበቃል። በረኪናና የብረት ሽቦ ክሮሙን ይልጡታል። የአፉ ወንፊት ነጭ ከያዘ ፈታችሁ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት።

እኚያ እናት የናሱን ወስደው ሄደዋል። የተሰነጠቀው ግን አሁንም ጠረጴዛችን ላይ ነው፤ ከጎኑ አንድ የናስ ሚክሰር ሰንጥቀን አስቀምጠናል። ባትገዙም ግቡና ሁለቱን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ። የተበላሸ ሚክሰር ያላችሁ ከመጣላችሁ በፊት አምጡልን፤ ካርትሬጁ ብቻ ከሆነ ያንኑ ቀይረን እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቧንቧ ዕቃ መደብራችሁ ባልደረቦች