የሉቭር ትኬትና የሰዓት ስህተት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፓሪስ የሚሄዱ አንባቢዎቻችሁ የሉቭርን ትኬት በሙዚየሙ በራሱ ድረ ገጽ፣ ቀንና ሰዓት መርጠው ቀድመው ቢቆርጡ ይሻላል። ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይቆያል። ብዙውን የሐበሻ ቀጠሮ የሚያበላሸው ሰዓት ነው፦ ትኬቱ ላይ 9:00 ከተባለ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው፤ የእኛ የከሰዓት 9 እዚያ 15:00 ነው።

በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና (በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድና በሊክተንስታይን) የሚኖሩ ከ26 ዓመት በታች ወጣቶች በነጻ ይገባሉ። የሚታየው ነዋሪነት እንጂ ዜግነት ስላልሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተማሪም የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ይሂድ። በነጻ ቢሆንም ሰዓት ማስያዝ አይቀርም።

ከ55 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ አያስገቡም።

ሞና ሊዛ፣ ቁመቷ 77 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ በዴኖን ክንፍ 711ኛው ክፍል ናት። ጀርባቸውን ፊት ለፊቷ ለተሰቀለው የቃና ዘገሊላ ሠርግ ሥዕል ሰጥተው ስልክ የሚያነሱት ያሳዝናሉ፤ ያ የቬሮኔዜ ሥዕል 10 ሜትር ያህል ስፋት አለው።

የዘወትር አንባቢያችሁ