ስለ ወርቃማው ወረቀት ልጠይቅሽ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018

የኔ ማር፣ እንደምን ከረምሽ?

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አሁንም ቡናዋን ራሷ ነው የምታፈላው። አቦሉን በቀዳች ቁጥር ስላንቺ ትጠይቀኛለች። እኔ የምመልሰው አጣለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም። መጀመሪያ ስልክሽ ተቀየረ፣ ከዚያ የኔ ጠፋ። ግን አድራሻሽን ካገኘሁ እንኳ ዓመት አልፎኛል። ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ነው የቆየሁት። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ የምጠይቅሽ ነገር ስላለኝ ነው። ሳልጠይቅሽ ላደርገው አልችልም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የካርድ መሥሪያ ወረቀታችንን ካርቶኖች ታስታውሻለሽ አይደል? በ2012 ለሚያዝያ ሰርግ ይደርሳል ብለን፣ ያለችንን ብር አዋጥተን ከመርካቶ ያስመጣናቸውን። መጋቢት 4 ቀን ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። ሰርጉም ካርዱም አብሮ ቀረ። በኋላ ሰርጉ ተመለሰ፣ ካርዱ ግን አልተመለሰም። ሰው ጥሪውን በስልክ መላክ ለመደ። ከዚያ ደግሞ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። አንቺ በአንዱ መኪና፣ እኛ በሌላው ከደሴ ወጣን። ስንመለስ ሱቃችን ባዶውን ጠበቀን። መቁረጫዋ ማሽን የለች፣ ጠረጴዛው የለ። ቤት ገብቼ ከአልጋዬ ሥር ስዳብስ ግን ካርቶኖቹ እንዳሉ ናቸው። ወረቀት የፈለገ ሰው አልነበረም።

ለሁለት ዓመት አልነካኋቸውም። መክፈት አልቻልኩም። በ2016 ክረምት አንድ ቀን ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው ወረቀቱ ትዝ አለኝ። ከፈትኩት። ላይኛው እሽግ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። እርጥበት በአንድ ፊቱ ብቻ ሲገባበት ያ ወገን ይሰፋል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ለዚህ ነው የሚጠቀለለው። አለቀስኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ሉክ ለይቼ፣ በጋዜጣ መሃል እያስገባሁ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ከእማ ፍራሽ ሥር አስተኛሁት። ሁለት ሳምንት። ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መሸጥ አለበት አልኩ። አልጋ ሥር አስቀምጬ ጉም ከሚበላው ሰው እጅ ይግባ። ግን በምን ዋጋ? የገዛንበት ዋጋ ዛሬ ምንም አይደለም። የዛሬውን ዋጋ ደግሞ ደሴ ውስጥ የሚነግረኝ የለም፤ ይህን ዓይነት ወረቀት የሚሸጥ ስለሌለ። ያኔ ነው የናንተ ሰፈር ንግሥ ትዝ ያለኝ። ልጆች ሆነን ይዘሽኝ ትሄጂ የነበረው። የስለት ዕቃ ሲጫረት ሰውዬው ጥላውን ከፍ አድርጎ «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ሲል፣ ሦስተኛውን እስኪል ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። አባባ ግን ሐራጅ ነበር የሚለው። ያንን በቴሌግራም ለምን አላደርገውም አልኩ።

ቻናል ከፈትኩ። ካናዳ ያለው የአጎቴ ልጅ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያረጀ ካሜራ እየገዛ ይሸጣል፤ የጨረታውን ነገር እሱ ነው ያስተማረኝ። ኢቤይ የተጀመረው በፈረንጆች 1995 ነው። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፣ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ባለቤቱ ገዢውን «መሰበሩን አይተሃል ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው የተሰበሩትን የሚሰበስብ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስሰማ የተጠቀለለውን ወረቀት የመደበቅ ሐሳቤን ተውኩት። ጠርዙ የተበላሸውን ለብቻው አሰርኩ። «ጠርዙ እርጥበት ነክቶታል፣ ለትንንሽ ቁርጥ ይሆናል» ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። ወረቀት በቀጭኑ እየቆረጠች፣ እየጠቀለለች አበባ የምትሠራ ልጅ ከሐይቅ ወሰደችው። ለእሷ ጠርዙ ምኗም አልነበረም።

የመጀመሪያው ጨረታዬ ግን አልሆነም። ሁሉንም አንድ ላይ ነበር ያወጣሁት። ባለቀለም ወረቀት፣ ፖስታ፣ ሪባን፣ ብልጭልጭ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ። አንድ ሰው ብቻ ዋጋ ሰጠ፣ እሱም መነሻውን። ሪባን የሚፈልገው ፖስታ አይፈልግም፣ ፖስታ የሚፈልገው ብልጭልጭ አይፈልግም። ጨረታ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ነገር ካልፈለገ ጨረታ አይሆንም። ስለዚህ ለያየሁት፤ በቀለም፣ በመጠን፣ በግራም።

ግራሙ ብዙ ነገር እንደሚነግር ያኔ አናውቅም ነበር፣ ትዝ ይልሻል? 250 ግራም ሲባል የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር 16 ሉክ ኤ4 ይወጣል። ስለዚህ መቶው ሉክ አንድ ኪሎ ተኩል ትንሽ አለፍ ይላል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሚዛን ሳልፈልግ የመላኪያውን እገምታለሁ። ለኮምቦልቻ በሚኒባስ ሹፌር እልካለሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት። ለወልድያም በሚኒባስ እልካለሁ። ለአዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ክብደቱን አስቀድሜ ካልጻፍኩ ገዢው የመላኪያውን ሲሰማ ይሸሻል። ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ ከዚያ ዕቃው መናኸሪያ ይሄዳል። ካሸነፉ በኋላ የጠፉብኝም አሉ። ያኔ ለሁለተኛው ሰው እሰጣለሁ።

አንድ ስህተቴን ልንገርሽ። የኮምቦልቻ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሰማያዊውን ወፍራም ወረቀት ገዝታ በማግስቱ ፎቶ ላከችልኝ። ያጠፈችበት መስመር ሁሉ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። «የተበላሸ ነው የሸጥሽልኝ» አለችኝ። ወላሂ ደነገጥኩ። ወረቀቱ ደህና ነበር፣ የታጠፈው ግን በተቃራኒው ነው። እኔ እና አንቺ በእጃችን የምናውቀውን፣ ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ እንዳለው፣ አልጻፍኩላትም። ደወልኩላት። «ሉኩን ሳታጥፊው በስሱ ወደ አንዱ ጎን ጎበጥ አድርጊው፣ ከዚያ ወደ ሌላው። በቀላሉ በእሺታ የሚጎብጥልሽ በኩል እጠፊው። መጀመሪያ ማስመሪያ ይዘሽ በማንኪያ ጀርባ መስመር አስምሪበት» አልኳት። ለተበላሸው ምትክ ላክሁ። አሁን በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የአቅጣጫውን ቀስት በእርሳስ አሰምራለሁ። መምህርቷም ከማንም በላይ የምትገዛኝ ሆናለች።

ደግሞ የሰዓቱ ነገር አለ። ጨረታው ምሽት ሦስት ሰዓት ይዘጋል ካልኩ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይቆይና ለሦስት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጎርፋል። ኔትወርክ የቆረጠበት ያዝናል። ኢቤይም ሰዓቱ ሲሞላ ይዘጋል፤ እነሱ ግን ከፍተኛውን ዋጋሽን አስቀድመሽ ከሞላሽ ማሽኑ እየጨመረ ይጫረትልሻል። እኔ ማሽን የለኝ። አማዞን የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ጨረታ በነበረው ጊዜ ግን በመጨረሻው 10 ደቂቃ ዋጋ ከተጨመረ ሰዓቱ ይራዘም ነበር አሉ። እኔም ያንን ወሰድኩ፣ በ5 ደቂቃ አደረግሁት። ማንም በኔትወርክ ምክንያት እንዲሸነፍ አልፈልግም።

ጳጉሜን ላይ የሆነውን ብታዪ! ቢጫውን ወረቀት አወጣሁ። ያንን የአደይ አበባ ቀለም ነው ብለሽ የመረጥሽውን፣ እኔ ይበዛል ብዬ የተከራከርኩሽን። መነሻ 150 ብር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ 200 ደረሰ። ከዚያ አንድ የወልድያ ልጅ 210 አለ። አንዲት እናት 220። 230። 240። እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ልጁ 410 ብሎ ዝም ሆነ። እኔም ስልኬን ይዤ ጮክ ብዬ «አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» አልኩ። እማ ሦስተኛውን አለችው።

ልጁ በኋላ የላከልኝን ፎቶ እዩልኝ ብዬ ያላሳየሁት ሰው የለም። ከእህቶቹ ጋር ሆኖ የእንቁጣጣሽ ካርድ ሠርቶበታል። አበባውን ቆርጠው ለጥፈው፣ መሃሉን ቡናማ ቀብተው፣ ሠፈሩን ሲዞሩበት ዋሉ። ያንቺ ቢጫ ነው። ትክክል ነበርሽ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። አሁን ከአልጋዬ ሥር የቀረ አንድ ካርቶን ብቻ ነው፤ ወርቃማው። 300 ግራም፣ አራት እሽግ፣ መቶ መቶ ሉክ። ሰባት ኪሎ ተኩል ይሆናል። አንድም ሉክ አልተጠቀለለም፣ ከአንዱ እሽግ በቀር ላስቲኩ እንደታሸገ ነው። የመጨረሻውን ገንዘባችንን እኩል አውጥተን የገዛነው ስለሆነ ግማሹ ያንቺ ነው። ያ ብቻም አይደለም። የመጀመሪያውን ካርድ ለራሳችን ሰርግ ነው የምንሠራው ተባብለን ነበር። እኔ እስካሁን አላገባሁም። አንቺ አግብተሽ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ ይህንን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ካገባሽ ጥሪው ሳይደርሰኝ በመቅረቱ የማዝነው በራሴ ነው።

አሁን ጊዜው ደርሷል። የጥር ሰርግ እየመጣ ነው። የወርቅ ቀለም የሚጠይቁኝ አሉ፤ አንዷ ሙሉውን ያለ ጨረታ ልውሰደው ብላኛለች። እምቢ አልኳት። ሦስት ነገር ማድረግ እንችላለን። ሙሉውን ጨረታ አውጥቼ ግማሹን ብር በቴሌብር እልክልሻለሁ። ወይም ሁለቱን እሽግ ልላክልሽና አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊው። ወይም ደግሞ ምንም አንነካውም። የትኛውንም ብትዪ አልቀየምም። እስክትመልሺልኝ ግን አላወጣውም፣ ጥርም ቢያልፍ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከወርቃማው አንድ ሉክ አለልሽ። አንዱን እሽግ ለዚህ ብዬ ከፍቼዋለሁ። ለሁለት ቆርጬ እንደ ድሮው አጥፌዋለሁ፣ በማንኪያ ጀርባ፣ በአቅጣጫው። ውስጡን ባዶ ነው የተውኩት። መልስሽን እሱ ላይ ጻፊልኝ፣ ከፈለግሽ። ፖስታውንም አድራሻዬን ጽፌ ጨምሬልሻለሁ።

እማ ሰላም ትልሻለች። ቡናው ላይ ዱዓ ስታደርግ ስምሽን ትጠራለች።

ያንቺዋ፣
የደሴዋ