የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ እኩል ደም፣ የተለያየ ጉልበት

የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን ሁሉ በልብ ላይ አደረገ። በጥቅምት ወር አባላቱ የዓመቱን ርዕስ ሲመርጡ የፀሐይ ኃይልም የአፈር መሸርሸርም ቀርበው ነበር፤ ልብ በድምፅ ብልጫ አለፈ። እኔም በምርጫቸው ደስ አለኝ። ተማሪዎቻችን የደም ዝውውርን ሥዕል በቃላቸው ይዘው ፈተና ያልፋሉ፤ ሥዕሉ የሚሰውረውን ነገር ግን ብዙዎቹ ልብ አይሉትም።

በሰሌዳ ላይ ቀስቱ ከቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ግራው፣ ከግራው ወደ መላ ሰውነት ይሄዳል። ቀስቱን የተከተለ ተማሪ መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው የሚገፋ ይመስለዋል። ቬንትሪክል የሚባሉት እነዚህ ሁለት ክፍሎች ግን የሚኮማተሩት በአንድነት ነው። ቀኙ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ወደ ሳንባ ሲገፋ፣ በዚያው ቅጽበት ግራው ከሳንባ የተመለሰውን ደም አኦርታ በሚባለው ትልቁ የደም ስር በኩል ከአንጎል እስከ እግር ጣት ያሰራጫል።

ይህን በዓይን ለማየት ልብ ያስፈልገን ነበር። ከሥጋ ቤት የገዛነው የበሬ ልብ ቄራ ላይ ሲመረመር ተሰንጥቆ ስለነበር ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለሚዘጉት ቫልቮች ሙከራ አልሆነንም። ያልተነካው ልብ የተገኘው ከየቤቱ ነው። ለፋሲካ ከክርስቲያኖቹ፣ ለአረፋ ከሙስሊሞቹ አባላት ቤት የበግ ልብ መጣልን። ወላጆች «ከላይ ያሉት የደም ስሮች ረዘም ተደርገው ይቆረጡልን» ያልነውን ሳይቀር ፈጽመውልናል፤ ክበቡ ከልብ ያመሰግናቸዋል።

የመጀመሪያው ልብ ሲከፈት ማስመሪያ ይዘው የተሻሙትን ልጆች ማየት ያስደስት ነበር። የቀኙ ግድግዳ 4፣ የግራው 13 ሚሊ ሜትር ሆነ። በሰውም ቢሆን የግራው ውፍረት የቀኙን ሦስት እጥፍ ያህላል። ሳንባ ቅርብ ነው፤ የደም ስሮቹም ደምን በቀላሉ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ሲያርፍ ቀኙ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይበቃዋል፤ ግራው ግን 120 ያህል ያስፈልገዋል።

«ታዲያ ወፍራሙ ብዙ ደም አይገፋም?» ብላ አንዲት የ9ኛ ክፍል አባል ጠየቀች። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልሱን ወዲያው መንገር አልፈለግሁም። ቀኙ በእያንዳንዱ ምት ከግራው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያስበልጥ ምን እንደሚሆን አስሉ አልኋቸው። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል ብለው ተነሡ፤ በአንድ ሰዓት 4,200 ሚሊ ሊትር ሆነ። የአዋቂ ሰው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። አብዛኛው ደም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳንባ ላይ ተከማችቶ ሰውየውን ሊያፍነው ነው! ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለቱም ክፍሎች በምት የሚገፉት 70 ሚሊ ሊትር ያህል፣ እኩል ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ራሱ ጡንቻው ነው፤ ብዙ ደም ገብቶ ሲለጥጠው በበለጠ ኃይል ይኮማተራል። ስለዚህ ቀኙ ጥቂት ቢያስበልጥ ግራው በሚቀጥሉት ምቶች ያካክሰዋል። እኔ ስለ ልብ ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

ከዚያ በአኦርታው አፍ ውኃ አፈሰስን። ሦስቱ የቫልቭ ከረጢቶች በውኃው ተሞልተው ተገጣጠሙና ውኃው ከላይ ቆመ፤ ጠብ አላለም። በግራው ክፍል መግቢያ ያለውን ቫልቭ ደግሞ ነጫጭ ጠንካራ ክሮች እንደ ድንኳን ገመድ ወጥረው ከግድግዳው ጡንቻ ጋር ያስሩታል። ክፍሉ ሲኮማተር ቫልቩ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንዱ አባል ክሩን በጣቱ ቢስበው አልበጠስ አለው።

ቀኙንና ግራውን የሚለየውን ግድግዳም በቀጭን እንጨት ፈተሹት። ምክንያት ነበራቸው፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጌለን ደም በዚህ ግድግዳ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል ብሎ ነበርና። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ ያገለገለው ሐኪም ኢብን አን-ናፊስ ግድግዳው ድፍን መሆኑንና ደም የሚያልፈው በሳንባ በኩል መሆኑን ጻፈ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ የደምን ሙሉ ዑደት አስረድቶ ያሳተመው በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። አባላቱም ቀዳዳ አላገኙም፤ ታሪኩንም በሚኒ ሚዲያ አቀረቡት።

ከጤና ጣቢያ የመጡልን ሲስተር ማዳመጫቸውን አውሰውን እያንዳንዱ አባል የጓደኛውን ልብ አዳመጠ። የመጀመሪያው ድምፅ የመግቢያ ቫልቮቹ፣ ሁለተኛው የመውጫዎቹ ሲዘጉ የሚሰማ ነው። ከዚያ ሲስተር የነገሩን እስካሁን ያሳስበኛል። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። ይህም በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ያጠቃል፤ ያንን በክር የተወጠረውን ቫልቭም ሊያበላሸው ይችላል። ቫልቩ ሲጠብ ወይም ሲያፈስ ደም ወደ ሳንባ ያቁራል፤ ልጁ የደሴን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። የሚከላከለው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው። ትኩሳቱ አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ሳያቋርጥ ለዓመታት መውሰድ አለበት። አባላቱ ይህን በጠዋት ሰልፍ ላይ ለተማሪው ሁሉ ተናግረዋል።

ለዓመቱ መዝጊያ ዐውደ ርእይ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከጎማ ቱቦ የተሠራው የልብ ሞዴል ቤተ ሙከራ ተቀምጧል፤ ለትምህርት የሚፈልገው መምህር መውሰድ ይችላል። የክፍል ኃላፊ መምህራንን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት የያዘው ተማሪ ሲያጋጥማችሁ ለወላጆቹ ነግራችሁ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አድርጉ።