ሐዋሳ እኮ ከይርጋዓለም ነው የወጣችው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሐዋሳ ምሥረታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ግሩም ናቸው። ግን ከተማዋን በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ከሐይቁ ዳር ድንገት የበቀለች አስመሰላችኋት። ያን ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የት ነበር? ይርጋዓለም! በጽሑፉ ውስጥ ስሟ አንዴም አልተነሳም።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ትውልዴ ግን ይርጋዓለም። አዳላሁ በሉኝ፣ ግድ የለም። በደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ጊዜ ሲዳሞን የሚያስተዳድረው ሹም የሚቀመጠው ሀገረ ሰላም ነበር፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቃታል። ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው መቀመጫውን ወደ ይርጋዓለም ያወረዱት። ጣሊያንም ያለ ምክንያት አልጎመጃትም፤ በኅዳር 1929 ያዛት፣ ራስ ደስታ ከዚያ ወጥተው እየተዋጉ ቆይተው በየካቲት ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። ከነፃነት በኋላም ጠቅላይ ግዛቱ የሚተዳደረው ከዚያው ነበር። ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ ሐዋሳ ተቆረቆረች፣ ከዚያ መዝገቡም፣ ጸሐፊውም፣ ነጋዴውም ቀስ በቀስ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ይርጋዓለም የዳሌ ወረዳ መቀመጫ ሆና ቀረች።

መንገዱም በድሏታል። ወደ ዲላ የሚሄደው መኪና አፖስቶ መገንጠያ ላይ ሰው አውርዶ ውልቅ ይላል። ከተማዋ ያለችው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስንቱ ነው አፖስቶን በመስኮት አይቶ «ይርጋዓለምን አውቃታለሁ» የሚለው!

ገባ ብትሉ ግን ጉድ ነው። በቡና ወቅት ሴቶቹ ቡናው በሚደርቅበት የሽቦ አልጋ ግራና ቀኝ ተደርድረው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን ፍሬ እየለቀሙ ይጥላሉ፤ እጃቸው እንደ ማሽን ነው፣ ወሬያቸው ግን ለአፍታ አይቋረጥም። ፀሐዩ ሲበረታ ቡናውን ይሸፍኑታል። የእሸት ቡናው ገለባ ሽታ ልብስ ላይ ያድራል። በየጓሮው እንሰት አለ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከአጠገቡ አቮካዶ። አቮካዶው ድሮ ለከብት ይደፋ ነበር ቢባል የዛሬ ልጅ አያምንም፤ አሁን እዚያው ዘይት ይጨመቃል። የኖርዌይ ሚሲዮናውያን የሠሩበት ሆስፒታልም ዛሬም ያክማል።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ጋዜጠኛ ላኩ። ከንቲባውን ወይም አስተዳዳሪውን ብቻ አናግሮ የሚመለስ ግን አይሁን። የድሮ ጸሐፊዎችን፣ የልብስ ሰፊዎችን፣ የቡና ነጋዴዎችን ልጆች ፈልጉ፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በየሳጥኑ አለ፣ ግማሹን ምስጥ በልቶታል። አዛውንቶቹ እያለፉብን ነው። ባለ ፎቶዎቹን ቤተሰቦች ላገናኛችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ኅዳር ላይ ብትመጡ ደግሞ ቡናው ደርሶ ታገኙታላችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ