ስደተኛውን ታሪክህን ንገረን ከማለታችን በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የስደተኞችን ሳምንት ምክንያት በማድረግ በእንግሊዝ ከተሞች ለስደተኞች ስለሚዘጋጁት የቴአትር ዎርክሾፖች ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሳምንቱ እዚህ አገር ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር ሲከበር የቆየ ነው፤ ቴአትሩም በዓሉን የሚያደምቅ ብቻ ሳይሆን ብዙ ወጣቶቻችንን ከክፍላቸው ያወጣ ሥራ ስለሆነ መመስገኑ ተገቢ ነው። ሆኖም ዘገባው ስደተኞች ታሪካቸውን ማካፈላቸውን ደጋግሞ ሲያነሣ፣ ታሪክን ማካፈል እንጀራ ቆርሶ እንደማካፈል ቀላል ይመስላል። አለመሆኑን በየሳምንቱ የማየው ሰው ነኝና ጥቂት እንድል ፍቀዱልኝ።

በሙያዬ አስተርጓሚ ነኝ። ጥገኝነት ጠያቂዎች ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ በመርማሪውና በእነሱ መካከል ተቀምጬ እሠራለሁ። የሙያው ደንብ «እሱ እንዲህ ይላል» እንድል አይፈቅድልኝም፤ ተናጋሪው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» ማለት አለብኝ። ስለዚህ ሊቢያ ውስጥ በመጋዘን የታሰርኩት፣ በጎማ ጀልባ የተሻገርኩት፣ ጓደኛዬን በረሃ ላይ ጥዬ የሄድኩት በእንግሊዝኛው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተሰጠው ቃልና በኋላ የሚሰጠው ቃል ጎን ለጎን ይነበባል፤ ቀን ወይም የቦታ ስም ከተዛነፈ የሰውዬው እውነተኛነት ይጠየቃል። በዚህ መንገድ ያለፈ ልጅ የሕይወት ታሪኩ ፈተና ሆኖበታል ማለት ነው። ለጠበቃው ነግሯል፣ ለሐኪሙ ነግሯል፣ ለመርማሪው ነግሯል። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ቅዳሜ የቴአትር አሰልጣኝ ክብ ሠርተው የተቀመጡትን ወጣቶች «እስቲ ታሪካችሁን ንገሩን» ብትላቸው፣ ንግግሯ የሚሰማቸው በመርማሪው ድምፅ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዳስተረጉም በተጠራሁበት አንድ ዎርክሾፕ ላይ ነው። አሰልጣኟ ቅን ሴት ነበረች፤ ክፋት አልነበረባትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጅ ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ እንዲናገር ጠየቀችው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ይኼ ደግሞ ለኬዜ ይጠቅመኛል?» አለኝ። ጥያቄውን ተርጉሜ ነገርኳት፤ ፊቷ ቀላ። ልጁ ግን መልስ ሳይጠብቅ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በጀልባው ላይ የነበረውን የሰው ቁጥር እየጠራ፣ ልክ በቃለ መጠይቁ ላይ እንደሚቀርበው ሁሉ በተርታ ተናገረ። ተጨበጨበለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየኝ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በራሳችን ቋንቋ የተካሄደ ልምምድ ነው። ስልቱ ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል የተጨቆኑት ቴአትር ብሎ ካቋቋመው የመጣ ነው። ቦአል ራሱ በ1971 በአገሩ ወታደራዊ መንግሥት ተይዞ ከተሠቃየ በኋላ ወደ አርጀንቲና የተሰደደና ለብዙ ዓመታት በባዕድ አገር የኖረ ሰው ነው፤ ስደትን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በስልቱ መሠረት አንድ አጭር ትዕይንት ችግሩ ሳይፈታ ይቀርባል፤ ከዚያም እንደገና ሲጀመር ከተመልካቹ መካከል «ቁሙ!» ያለ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የባለታሪኩን ቦታ ይወስዳል።

የዚያን ቀን የቀረበው ትዕይንት ባሕር የለበትም፤ በረሃም የለበትም። አንድ ወጣት እሑድ ጠዋት ወደ እናቱ ይደውላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና አልተወሰነለትም፤ መልሱ ከ12 ወር በላይ ሲዘገይ ካልሆነ በቀር የሥራ ፈቃድ እንኳ ማመልከት አይችልም። እናቱ ግን ለታናሽ እህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ትጠብቃለች። «ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ» ይላታል። አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት «ቁሙ!» ብለው ተነሡ፤ ለስልክነት የተመደበውን ጫማ ከወጣቱ እጅ ተቀብለው እውነቱን መናገር ጀመሩ። «እማዬ፣ ሥራ የለኝም። እንድሠራም አልተፈቀደልኝም።» እናት ሆና የምትጫወተው ልጅ ዝም አለች። ምን እንደምትመልስ ማንም አልነገራትም ነበር። ቆየችና «ታዲያ በልተሃል ወይ፣ ልጄ?» አለች። አዳራሹ ውስጥ ያለቀሰው ሰው ጥቂት አልነበረም። ትዕይንቱን የሠሩት ስድስት ልጆች ናቸው፤ ታሪኩ ከስድስቱ የማንኛቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ለቅሶ ላይ አልቃሽ የሟቹን ሥራና የቤተ ሰቡን ጉዳት ከዘመድ ከጎረቤት ሰምታ በግጥም ታወርደዋለች፤ ኀዘንተኛዋ ሌላው እየተናገረላት አብራ ታነባለች እንጂ ቆማ እንድታስረዳ አትገደድም። ቁስልን በሌላ ሰው አፍ ማስወጣትን የሚያውቅ ባህል ይዘን፣ ልጆቻችንን ማይክሮፎን ፊት ብቻቸውን ማቆም ያሳዝነኛል።

በሌላም ስፍራ የተሠሩ ጠቃሚ ሥራዎች አሉ። በ2015 ፈረንሳይ ካሌ በነበረው መጠለያ፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ከእንጨትና ከሸራ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን በሠሩበት በዚያው ሜዳ፣ ጉድ ቻንስ የተባለው ቴአትር ጉልላት መሰል ድንኳን ተክሎ ለወራት ሠርቷል። በእስራኤል ኔጌብ በረሃ፣ ከ2013 መጨረሻ እስከ 2018 ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች እንዲቆዩበት በተደረገው በሆሎት፣ የቴአትር አዘጋጁ ቼን አሎንና ፊልም ሠሪው አቪ ሞግራቢ ከነዋሪዎቹ ጋር በቦአል መንገድ ቴአትር ሠርተዋል። ሥራውን የሕግ አውጪ ቴአትር ብለውታል፤ ስያሜው ቦአል በሪዮ ዴ ጄኔይሮ የከተማ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ ከመድረክ የተነሡ ሐሳቦችን ወደ ሕግ ረቂቅ ሲለውጥ የሰጠው ነው። በሆሎት የነበሩት ሰዎች የተነፈጋቸው አዘኔታ ሳይሆን ሕጋዊ መፍትሔ ስለነበረ ስያሜው ተገቢ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዎርክሾፕ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች፣ በተለይም የእኛ ኮሙኒቲዎችና አብያተ ክርስቲያናት፣ ማንም ወጣት የራሱን ታሪክ እንዲናገር የማይጠየቅበት መድረክ እንዲከፍቱ እለምናለሁ። ካወራ እሰየው፤ ካላወራም ወንበር ተሸክሞ፣ ሻይ ቀድቶ፣ የሌላውን ታሪክ ተጫውቶ ይሂድ። ስልክ አውጥቶ መቅረጽም ይከልከል። ፊቱ በፌስቡክ ወጥቶ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ ችግር እንዳይደርስባቸው የሚሰጋ ልጅ፣ ካሜራ እያየ እንዴት ነፃ ሆኖ ይጫወታል? ለአውቶቡስ ደግሞ ሳንቲም ይታሰብለት፤ ጥገኝነት ጠያቂ ሆኖ ከተቀመጠበት ሆቴል እስከ አዳራሹ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ የመጣ ልጅ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። እንዲህ ያለ ልምምድ ለመጀመር የሚያስቡ ካሉ፣ አሰልጣኙ አማርኛ የማይችል ቢሆን ያለ ክፍያ ለማስተርጎም ፈቃደኛ መሆኔን በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል እንድታሳውቁልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ለንደን